ከሱፍ ቆብ የወጣ ዕጣ

እኔ ቁስል አጣቢ ነኝ። ወረቀቴ ላይ «ክሊኒካል ነርስ» ይላል፤ ደብረ ብርሃን ላይ የሚያውቀኝ ሰው ግን «ወልደአረጋይ ቁስሉ» ይለኛል። ከኋላዬ ስለሚለው የማልሰማ ይመስለዋል። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በርጩማ ላይ ተቀምጬ የሰው እግር ሳጥብ ኖሬያለሁ። ሽታ አይረብሸኝም። የሚያናድደኝ ቁስሉን ስፈታ አፍንጫውን የሚይዝ አስታማሚ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ከክፍሌ አስወጣዋለሁ፤ በዚህ የተነሣ ግልፍተኛ ነው ይሉኛል። ልክ ናቸው።

ይህን የምጽፈው ስለ ሙያዬ ልኩራራ ብዬ አይደለም። አንድ ቀን በብዙ ሰው ፊት አንድ ቃል ተናገርኩ፤ ያ ቃል የእትዬ ታንጉን እግር ወሰደ። ሐኪሞቹ «ስኳሩ ነው የወሰደው» ይሉኛል፤ ደግ ሰዎች ስለሆኑ ነው። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይላሉ የአገሬ የአንኮበር ሰዎች። አፋፍ ምን እንደሆነ እነሱ ያውቃሉ።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ዓመት መስከረም ላይ ነው። ፀደንያ የምትባል ወጣት ተመራማሪ የቁስል ክፍላችንን በር አንኳኩታ ገባች። የጎረቤላ ልጅ ናት፤ አባቷን አውቃቸዋለሁ። ገና ከመቀመጧ «ጋሼ» አለችኝና እምቢ የምልበትን መንገድ ዘጋችብኝ። ከቦርሳዋ የታሸገ ፕላስቲክ አወጣች። ውስጡ የእጅ መዳፍ የሚያህል ነጭ ስስ ነገር አለ። በጓንት ያዝኩት። የተቀቀለ እንቁላል ስንልጥ ከቅርፊቱ ሥር የምናገኛትን ስስ ሽፋን መሰለኝ።

ክር ነው አለችኝ። ፖሊመር የሚባል ነገር አሟሙታ ስሪንጅ ውስጥ ትሞላለች፤ በመርፌው ጫፍ ላይ ከፍተኛ ኤሌክትሪክ ስትለቅበት ፈሳሹ ክር ሆኖ እየተወነጨፈ በሚሽከረከር ብረት ላይ ይጠመጠማል። የሰው ፀጉር ለብዙ መቶ ቢሰነጠቅ ነው የአንዱን ክር ቅጥነት የሚያህለው፤ ዓይን አያየውም፤ ሲደራረብ ብቻ ጨርቅ ሆኖ ይታያል። ክሩ ውስጥ ባክቴሪያ የሚገድል መድኃኒት አለ። ቁስል ላይ ሲደረግ መድኃኒቱን ለአምስት ቀን ያህል ጥቂት በጥቂት ይለቃል፤ ሲነሣም እንደ ጎዝ ፋሻ ሥጋ ይዞ አይነሣም። ይህች የመጨረሻዋ ነገር ልቤን ገዛችው። ደርቆ የተጣበቀ ጎዝ ሲላቀቅ ከሰው አፍ የሚወጣውን ድምፅ ዕድሜዬን ሙሉ ስሰማው ኖሬያለሁ።

አንዱን ቁራጭ ለመሥራት ሙሉ ቀን ይፈጅባታል። ክረምት ላይ ጭራሽ አይሆንላትም፤ ጉም ሲገባ አየሩ ይረጥብና ክሩ እየቋጠረ ይበላሽባታል። ጥቅምት ላይ አየሩ ሲደርቅ እንጀምር አለችኝ። የምትፈልገው ከሦስት ወር በላይ ያልዳነ ቁስል ያለባቸው ሃያ ሁለት ሰዎች ነው። ግማሾቹ አዲሱን ጨርቅ ያገኛሉ፤ ግማሾቹ በተለመደው ጎዝ ይታከማሉ። ማን የትኛውን እንደሚያገኝ በዕጣ ይወሰናል፤ አለዚያ እኛው የምንወደውን ሰው እንመርጥና ውጤቱ ውሸት ይሆናል። አሥራ ሁለት ሳምንት ይፈጃል። ሁሉም ገባኝ። ጎዝ የደረሳቸው ሰዎች ከአሥራ ሁለቱ ሳምንት በኋላ ምን ያገኛሉ ብዬ ግን አልጠየቅኳትም። ሌላ ሰው ባይጠይቅ እኔ መጠየቅ ነበረብኝ።

ሰዎቹን ያገኘናቸው ከከተማው ዳር ባለው የተፈናቃዮች መጠለያ ነው። ከወለጋ የመጡ ገበሬዎች ናቸው። በቆሎ የሚያመርቱ፣ በሬና ጎተራ የነበራቸው፣ እንግዳ ሲመጣ በግ የሚያርዱ ሰዎች ነበሩ። አሁን በአንድ ትልቅ የቆርቆሮ አዳራሽ ውስጥ በሸራ ተከፋፍለው ይኖራሉ። የደብረ ብርሃን ብርድ ለሞቃት አገር ሰው ምሕረት የለውም። ጠዋት ስንደርስ በብርድ ልብስ ተጠቅልለው ፀሐይ ያለችበትን ግድግዳ ተደግፈው እናገኛቸዋለን።

እትዬ ታንጉ ስድሳ ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው ሴት ናቸው። ከግራ ቁርጭምጭሚታቸው ከፍ ብሎ ሦስት ዓመት የቆየ ቁስል ነበራቸው። ከቤታቸው የወጡ ዕለት የታጨደ የበቆሎ አገዳ ጉቶ ነው የወጋቸው፤ በዚያው እግር አሥራ አንድ ቀን ተጓዙበት። ባላቸው መንገድ ላይ ቀርተዋል። እንዴት እንደቀሩ ጠይቄያቸው አላውቅም።

በአዳራሹ ውስጥ የእሳቸው ቃል ይሰማል፤ የእቁቡ ዳኛ ናቸውና። እቁቡ የስንዴ ነው። የእርዳታ ስንዴ በተከፋፈለ ቁጥር እያንዳንዱ ቤተሰብ አንድ አንድ ጣሳ ያዋጣል፤ ዕጣ የወጣለት ሰው ጠቅልሎ ይወስዳል። በዚያ ስንዴ ክርስትና ተነሥቶበታል፣ ተዝካር ተዘክሮበታል፣ አንዲት ልጅም ተድራበታለች። እኔ ራሴ ቆርሼ በልቻለሁ።

ዕጣው የሚወጣበት ቀን ፀደንያ ሃያ ሁለት የታሸጉ ፖስታዎች ይዛ መጣች። የጥናቱ ሥርዓት እንደዚያ ነው። ሰዎቹ ፖስታውን ሲያዩ ወደ ኋላ አሉ። አንዱ ተነሥቶ ሊወጣ ቃጣ። እትዬ ታንጉ ሁሉንም ወክለው ተናገሩ።

«ስማችን በሌላ ሰው እጅ ተጽፎ በታሸገ ቁጥር ደግ ነገር አግኝቶን አያውቅም» አሉ።

ፀደንያ ፖስታው ውስጥ ስም እንደሌለ ልታስረዳ ሞከረች። አልሰሟትም። እኔ ደግሞ ትዕግሥት ጎደለኝ፤ ነፋሱ ይጮኻል፣ እግሬ ደንዝዟል፣ ሥራ ይጠብቀኛል። ብድግ አልኩና ያችን ቃል ተናገርኩ።

«ፖስታውን ተዉት። እንደ እቁባችሁ ቁጠሩት። በገዛ እጃችሁ ታነሣላችሁ፤ ማንም ለማንም አያዳላም።»

የሁሉም ፊት ፈታ አለ። ፀደንያም ፈገግ አለች፤ ትንሽ አመንትታ ፖስታዎቹን ቦርሳዋ ውስጥ መለሰች። አሥራ አንድ ቁራጭ ወረቀት ላይ «ሀ»፣ በአሥራ አንዱ ላይ «ለ» ጽፈን ጠቀለልን። «ሀ» አዲሱ ጨርቅ ነው፣ «ለ» ጎዝ። ባለቤቴ የሠራችልኝን የሱፍ ቆብ አውልቄ ዕጣውን ሁሉ ከተትኩበት። ከዚያ እኔና ፀደንያ በሸራ ወደተከለለችው የሕክምና ጥግ ገባን። ሰዎቹ ዕጣቸውን እያነሱ፣ ወረቀታቸውን ይዘው ተራ በተራ እንዲገቡ ተነጋገርን።

በሸራው ክፍተት አያቸው ነበር። ዳኛ ስለሆኑ እትዬ ታንጉ የመጨረሻዋን ዕጣ አነሡ። ወረቀቱን ሲዘረጉ አየሁ፤ ፈገግ ሲሉም አየሁ። ብዙም ሳይቆዩ እኔ ጋ ገብተው ሲሰጡኝ ግን የተጻፈበት «ለ» ነው። «ለ» የደረሰው ሰው ምን ያስቀዋል? ይህን ልጠይቅ አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ዕድላቸውን በጸጋ ተቀበሉ ብዬ አለፍኩት። መዝገቡ ላይ ከስማቸው አጠገብ «ለ» ብዬ ጻፍኩ።

ከእሳቸው ቀድማ የገባችው ምስራቅ ነበረች። ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ የእትዬ ታንጉንና የእሷን መኝታ የሚለየው አንድ ሸራ ነው። እሳት የበላው ቀኝ ቅልጥሟ ስምንት ወር ሙሉ አልዘጋ ብሏት ነበር። ሁለት ሕፃናት አሏት። ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ለስፌት ሥራ ተመዝግባ እግርሽ ሲድን ነይ ብለዋታል፤ ሥራው ቀኑን ሙሉ የሚያቆም ነው። «ሀ» የተጻፈበትን ወረቀት ስትሰጠኝ ሁለት ጊዜ ወደ ኋላዋ ዞራ አየች። ደስታዋን የምታካፍለው ሰው ፈልጋ ነው አልኩ።

ጨርቁ ሥራውን ሠራ። ይህን ልደብቅ አልችልም፤ በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር አላየሁም። በሁለተኛው ሳምንት የምስራቅ ቁስል መግሉ ደረቀ፤ በአራተኛው ከሥሩ ቀይ ጤነኛ ሥጋ መጣ፤ ከዚያ ዳር ዳሩ እየጠበበ ሄደ። ጨርቁን ሳነሣ አንድ ጊዜ እንኳ «እህ» አላለችም። ፀደንያ ፎቶ እያነሣች፣ በማስመሪያ እየለካች፣ በመጨረሻ ማስመሪያውን አስቀምጣ እግሩን ዝም ብላ ታየው ነበር። ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ የምስራቅ እግር ተዘጋ። በሳምንቱ ሥራ ገባች።

ጎዝ ከደረሳቸው ሰዎች መሐል የዳኑ ነበሩ፣ ባሉበት የቀሩም ነበሩ። የእትዬ ታንጉ ግን ወደ ኋላ ሄደ። ደማቸውን ስንመረምር ስኳር እንዳለባቸው አወቅን፤ ክኒን ጀመርንላቸው። በየሁለት ቀኑ አጥባለሁ፣ እቀይራለሁ። ጎዙ ሲላቀቅ ጥርሳቸውን ነክሰው ዝም ይላሉ። አንድ ነገር ብቻ ይጠይቁኛል፦ ስንት ሳምንት ቀረ? ዘጠኝ እላለሁ፣ ሰባት እላለሁ። መታጠቡ ሰልችቷቸው ነው ብዬ፣ እንግዲህ እኔን የሚገላግልዎት ቀን እየደረሰ ነው እያልኩ አሾፍባቸው ነበር። እሳቸውም ይስቁልኛል።

በዘጠነኛው ሳምንት ቁስሉን ስፈታ ሽታው ተለውጧል። ይህን ሽታ አውቀዋለሁ፤ አጥንት ጋ የደረሰ ነገር ሽታ ነው። በዚያው ሰዓት ከጥናቱ ወጥተው ሆስፒታል መተኛት እንዳለባቸው ነገርኳቸው። እምቢ አሉ። ለመንኳቸው። ተቆጣሁ። ፀደንያም መጥታ ለመነቻቸው። እሳቸው እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አጣምረው አንድ መልስ ብቻ ይሰጣሉ።

«አልወጣም። አሥራ ሁለቱ ይሙላ፤ የሦስት ሳምንት ነገር ነው።»

ሆስፒታል ፈሩ ብለን አሰብን። ብዙ ሰው ይፈራል። በየቀኑ እየሄድኩ አጠብኩላቸው፣ ሐኪም የሚያዘውን መርፌ ወጋኋቸው፣ በየቀኑም ነዘነዝኳቸው። አልበገር አሉ።

ጥር ስድስት ቀን አሥራ ሁለተኛው ሳምንት ሞላ። ጠዋት ስደርስ እትዬ ታንጉ ፀጉራቸውን ታጥበው፣ የታጠበ ቀሚስ ለብሰው፣ እግራቸውን ዘርግተው ይጠብቁኛል። ትኩሳት እንዳላቸው ዓይናቸው ይናገራል። ፊታቸው ግን የደስታ ነበር።

«እንግዲህ ተራዬ ደረሰ» አሉኝ።

የምን ተራ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ጓንቴን እያጠለቅኩ ነበር።

«የጨርቁ ነዋ። ምስራቅ ወስዳ ጨረሰች፤ እግሯም ዳነ፣ ሥራም ገባች። አሁን የኔ ነው።»

«እትዬ ታንጉ፣ የእርስዎ ዕጣ ‹ለ› ነበር።»

«የኔማ ‹ሀ› ነበር። ለሷ ለቀቅኩላት። ልጆች ይዛ፣ ሥራ ደርሶላት፣ እኔ ቁጭ ብዬ የምበላዋ ልቅደማት?»

አንዱ እጄ ጓንት ውስጥ እንደገባ፣ ሌላው ባዶውን እንደሆነ ቀረሁ። እቁብ የገባ ሰው ሁሉ ይህን ሕግ ያውቀዋል፤ እኔም እናቴ ጉልበት ሥር ሆኜ ነው ያወቅኩት። ዕጣ የወጣለት ሰው፣ ከእቁብተኛው መሐል ኀዘን ወይም ጭንቅ የገጠመው ካለ ተራውን ይለቅለታል። የለቀቀ ሰው አይቀርበትም፤ በሌላው ጊዜ ይወስዳል። እቁብ ውስጥ የማይደርሰው ሰው የለም፤ የሚለያየው ቀኑ ብቻ ነው። ሳይደርሰው አቋርጦ የወጣ ሰው ብቻ ነው ተራውን የሚያጣው። እኔ አድልዎ የለም ለማለት ብዬ ከእቁብ አንዲት ክር መዝዤ አሳየኋቸው፤ እነሱ የለበሱት ሙሉውን ነው። «ከጥናቱ ይውጡ» ብዬ በለመንኳቸው ቁጥር «ተራዎን ይጣሉ» እያልኳቸው ነበር ማለት ነው።

ያን ጊዜ እውነቱን መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም። መጀመሪያ ሆስፒታል ደርሰን እንምጣ፣ ተራዎን ከዚያ እናየዋለን አልኳቸው። ወዲያው እሺ አሉ። ባጃጅ ውስጥ ስናስገባቸው ለጎረቤቶቻቸው «ተራዬ ደርሶ ነው» እያሉ ይናገሩ ነበር።

ቀዶ ሐኪሙ ራጁን ወደ መስኮቱ አንሥቶ አየውና ከወር በፊት ምን ስትሠሩ ነበር አለኝ። አጥንቱ ተበልቷል። ጥምቀት ሁለት ቀን ሲቀረው ከጉልበታቸው በታች ተቆረጠ። ከማደንዘዣው ሲነቁ እኔ አጠገባቸው ነበርኩ። ብርድ ልብሱ ከታች በኩል ጠፍጣፋ የሆነበትን ቦታ ረጅም ጊዜ አዩት፤ ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ታቦቱ በወጣበት ቀን ከበሮው እስከ ሆስፒታሉ ይሰማ ነበር። እኔ ከአልጋቸው ሥር ተቀምጬ የማልጸልይ ሰው ሆኜ ዋልኩ።

ምስራቅ የዕረፍት ቀኗን ጠብቃ መጣች። የሥራ መታወቂያዋ ደረቷ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ለአራስ እንደሚያዝ አጥሚት በፔርሙስ ይዛለች። እትዬ ታንጉ ተኝተው ስለነበር ኮሪደሩ ላይ ቆመን ጠበቅን። ተራቸው ዛሬ ነው ነገ ነው እያሉ ሰሞኑን ሲጠባበቁ እንደነበር ነገረችኝ። ፊቴ ላይ የሆነ ነገር አይታ መሆን አለበት።

«ጋሼ፣ ተራ ነበራቸው?» አለችኝ።

አልነበራቸውም አልኳት። ፔርሙሱን መሬት ላይ አስቀምጣ የዳነ እግሯ ላይ ቁጢጥ አለች። አለቀሰች ማለት አልችልም፤ ድምፅ አልነበረውም። አንድ ነገር ብቻ ለመነችኝ፤ ለእሳቸው እንዳልነግራቸው። ይህን ልመና በደስታ ተቀበልኩ። ለፍርሃቴ ጥሩ ምክንያት አገኘሁለት።

ለፀደንያም ቢሆን ዘጠኝ ቀን ደብቄያታለሁ። በእነዚያ ቀናት ልጅቷ ክንፍ አውጥታ ነበር፤ ውጤቱን አዘጋጅታለች፣ አዲስ አበባ ሄዳ የምታቀርብበት ቀን ተቆርጦላታል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እያልኩ ሕመምተኛ ስገሥጽ የኖርኩ ሰው፣ የራሴን ሸሽጌ ፊቷን እያየሁ ሻይ እጠጣ ነበር። በአሥረኛው ቀን ቤተ ሙከራዋ ሄድኩ። ማሽኑ እየሠራ ነበር፤ በመርፌው ጫፍና በብረቱ መሐል ምንም ነገር አይታይም፤ ብረቱ ላይ ግን ነጭ እየሆነ ይሄዳል። ቆሜ ሁሉንም ነገርኳት።

ማሽኑን አጠፋችው። ስንት ሰው እንደተቀያየረ ጠየቀችኝ። አላውቅም አልኳት። አብረን መጠለያው ሄደን ሃያ ሁለቱንም አንድ በአንድ ጠየቅን። ማንም አልደበቀንም፤ የሚደበቅ ነገር መስሎ የታየው ሰው አልነበረም። ስድስት ሰዎች፣ ሁለት ሁለት ሆነው፣ ዕጣ ተለዋውጠዋል። ሦስቱም ጊዜ ዳኛዋ እትዬ ታንጉ ነበሩ፤ የማን ጭንቅ እንደሚብስ እያመዛዘኑ ፈርደዋል። አንድ ሽማግሌ እንዲያውም ምነው አመሰግናለሁ እንኳ አትሉንም ዓይነት አስተያየት አዩን፤ ሥራችንን ያቃለሉልን መስሏቸው ነበር። ተራ እንደሌለ ግን ያን ቀን አልነገርናቸውም።

ስንመለስ መኪናዋ ውስጥ ይቅርታ ጠየቅኳት። ፀደንያ መሪውን እንደያዘች አንገቷን ነቀነቀች።

«ጋሼ፣ እኔም እኮ እዚያው ነበርኩ። ‹እቁብ› ሲሉ ሰምቻለሁ። እንዴት ያለ ጥሩ አገላለጽ ነው ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።»

ውጤቱን አላቀረበችም። የሆነውን ሁሉ፣ ፖስታውን መተዋችንንም ጨምራ ጻፈችና ጥናቱ ከመጀመሪያው እንዲደገም ጠየቀች። ሁለት ዓመት የደከመችበት ነው። ከዚያ ደግሞ ሌላ ደብዳቤ ጻፈች። የእትዬ ታንጉ እግር የተቆረጠበት ጫፍ ስፌቱ ተከፍቶ አልዘጋ ብሎ ነበር፤ ከጥናት ውጭ ለአንድ ሰው ብቻ ጨርቁን ለመስጠት ፈቃድ ለመነች። ፈቃዱ የካቲት መጨረሻ ላይ መጣ።

ፕላስቲኩን ይዤ መጠለያው ስደርስ እትዬ ታንጉ የተጣጠፈ ብርድ ልብስ ተደግፈው የስንዴ ጣሳዎቹን ያስቆጥሩ ነበር፤ የእቁብ ቀን ነው። ሴቶቹን አሰናበቱልኝ። በርጩማዬን አስጠግቼ ፋሻውን ፈታሁ፣ አጠብኩ፣ አደረቅኩ። ከዚያ ፕላስቲኩን ቀደድኩ። ትክ ብለው አዩት።

«ይቺ ናት?» አሉ። «ምን ትቀላለች።»

ቁስሉ ላይ አለበስኳት። ወዲያው ተለጠፈች። እትዬ ታንጉ ትንፋሻቸውን ለቀቁና ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ። ፊታቸው ላይ ጥር ስድስት ቀን ያየሁት ደስታ ተመልሶ መጣ። እውነቱን ያን ጊዜ ቢሆን ይዤው ልሄድ እችል ነበር። ተራቸው ደርሷል ብለው ያምናሉ፤ ምስራቅም ለምናኛለች። ግን ዓይናቸውን ገለጡና የዳኛነታቸውን ጥያቄ ጠየቁኝ።

«ከኔ ቀጥሎ ተራው የማን ነው? ባየው ይሁን፤ ‹ለ› ከደረሳቸው ሁሉ የሱ ይብሳል። እስኪደርሰው ታግሦ እንዲቆይ ልንገረው።»

ባየው ከአዳራሹ ማዶ ያሉ ሽማግሌ ናቸው። እግራቸውን አውቀዋለሁ። የሚቆዩበት ጊዜ አልነበራቸውም።

«ለማንም አይንገሩ፣ እትዬ ታንጉ» አልኩ። «አቶ ባየው ዛሬውኑ ሆስፒታል ይሂዱ። ጨርቁ ተራ የለውም። ያኔም አልነበረውም። ጎዝ የደረሰው ሰው ጎዝ እንደያዘ ነው የሚቀረው። ለምስራቅ ሲለቁላት ለእርስዎ የሚመጣ ሌላ አልነበረም። ይቺንም ለምነን ነው ያገኘናት።»

ከሸራው ማዶ አንዲት ሴት ስንዴ ከጣሳ ወደ ጆንያ ስትገለብጥ ይሰማል። እትዬ ታንጉ የተቆረጠ እግራቸውን አዩት፤ ቀጥሎ ጭንቅላቴ ላይ ያለውን የሱፍ ቆብ አዩት። በመጨረሻ እኔን አዩኝ። ቁጣ አልነበረባቸውም። ማወቅ ብቻ ነበር የፈለጉት።

«ታዲያ እቁብ ለምን አልከው?»

ይብላኝ ለኔ፣ ይቅር በሉኝ፣ እነዚህ ሁሉ መልስ አይደሉም። ቆቤን አውልቄ ጉልበቴ ላይ አስቀመጥኩና አንገቴን ደፋሁ።

«በል እሰረው» አሉኝ። «በረደኝ። ከዚያ ሂድና ባየውን ውሰደው።»

አሰርኩት።